በሰከንድ አሥራ ሁለት

ሐምሌ ነበር፤ ባሂያ ብላንካ፣ የወደብ ከተማ፣
የስንዴው ጎተራ ቆርቆሮው በነፋስ ሲያሰማ
የታመመ ከብት ድምፅ።
ሱቄን ልዘጋ ስል ገባች ኔሊዳ፣
በመሀረብ ቋጥራ አንዲት ሲዲ፣ ልክ እንደ ቆየ ዕዳ።
«የወንድሜ ናት» አለች። «ኦስማር የሠራት።
ባቡር ማቋረጫው ላይ ውሻ የሚጠብቅባት።
ሦስት ደቂቃ ናት፤ ሦስት ዓመት ፈጀችበት፣
ሌሊት ሌሊት፣ ከወፍጮ ቤት ሲመለስ፣
ዱቄቱ ከቁልፎቹ መሀል እየገባበት።»

ለማሽኑ አጎረስኩት።
ጉር… ጉር… አለና ያ የማውቀው ጽሑፍ ወጣ፦
«ይህ ማጫወቻ ከእንግዲህ አይደገፍም።»
ግራጫ ሳጥን። ውሻ የለም፣ ባቡር የለም፣ ድምፅም የለም።

ላስረዳችሁ (እሷንም እንዲህ ነው ያልኳት)፤
ፊልም አይደለችም እቺ፣ ሥዕል አልተደረደረባት።
ትእዛዝ ናት፦ «መስመር ስበህ ከዚህ እስከዚያ አጉብጥ፣
ጅራቱን ወደ ግራ፣ ጨረቃዋን ቀስ ብለህ ግለጥ፣
ቁልፉ ሲነካ ጩኽ» የምትል የደብዳቤ ዓይነት፣
አንባቢዋ የሞተባት፣
አፏን የፈታችበት ቋንቋ ቀድሟት የተቀበረባት።

እኛ ደግሞ ያንን ቋንቋ የምንማር ጥቂቶች ነን፤
አንዱ ኦሳካ፣ ዝደንካ ብርኖ፣ እኔ እዚህ፣ ጨው በሚበላው ሱቅ፤
ሌሊቱን ተቀባብለን
አዲስ ማጫወቻ እንሠራለን፣ የድሮውን አፍ የሚያውቅ።

ሁለት ሳምንት ፈጀ።
መጀመሪያ ውሻው ያለ እግር መጣ፣
ቀጥሎ እግሩ ያለ ውሻ፣ ባዶ መንገድ ላይ ሲወጣ።
ከዚያ ሁሉም ተሟላ፤ ግን ምን ያደርጋል፣
የዛሬ ማሽን ትዕግሥት የለው፣ ውሻው እንደ ጥይት ይሮጣል፣
ባቡሩ ሳይመጣ ያልፋል።
በሰከንድ አሥራ ሁለት ሥዕል፤ ኦስማር ያዘዘው ይህን ነው፤
ልጓም አበጀሁለት። ያን ጊዜ
ውሻው ቁጭ አለ፤ ጆሮውን አነሣው።

ጠራኋት። ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆማ አየች።
ጨረቃ ወጣች።
ፉጨት ከሩቅ፤ ሐዲዱ ተንቀጠቀጠ፤
ባቡሩ እንደ ውሃ ፈስሶ አመለጠ።
ውሻው ጅራቱን ቆላ።

«አይደለም» አለች።
«ምኑ?»
«እዚህ ጋ ይቆም ነበር፤ ባቡሩ ግማሹ ገብቶ፣
ፉጨቱ ት-ት-ት እያለ፣ ውሻው አንድ እግሩን አንሥቶ።
ኦስማር ጠረጴዛውን በቡጢ ይነርተዋል፤
‹ና እንጂ፣ አንተ በቅሎ!› ይለዋል።
እናታችን ከወዲያኛው ክፍል ትስቃለች።»

ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ገልብጬ አየሁ፤
መሰናክል የለበትም።
ያ መንተባተብ የአሮጌው ኮምፒውተር ነበር፤
ሜሞሪው የጠበበ፣
ማራገቢያው ዱቄት የጠገበ።

ታዲያ ያተረፍኩት ምኑን ነው?
ሠሪው ያላዘዘው፣ ቤተሰቡ ግን ያየው፣
እሱስ የማን ነው?
ዝደንካን ብጠይቃት መልሷን አውቀዋለሁ፦
«ፋይሉ ያለውን ብቻ!» ትለኛለች። ልክ ናት።
አልጠየቅኋትም።
በማጫወቻው ጥግ አንዲት ቁልፍ ጨመርኩ፣
«የኦስማር ማሽን» ብዬ ጻፍኩባት።

ግን ስንት ሰከንድ ነው የሚቆመው?
ይሄን የትኛውም መዝገብ አልያዘው።
ኔሊዳን ጠየቅኋት። ዓይኗን ጨፈነች፤
በጣቷ ጠረጴዛዬን መታች፣ አንድ፣ ሁለት፣
ሦስት፣ አራት፣
አምስተኛውን በቡጢ።

ባቡሩ ሄደ።